የእርሻ በሬ አጠባበቅና የገበሬው ድርሻ

በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ አገሮች የእርሻ ሥራ የሚበረታው በሬዎች ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ በከሱበት ወራት ነው። ሣሩ በበጋው ፀሐይ ደርቆ አልቋል፤ የጭዱ ክምር ወደ መሬት ወርዷል፤ ምንጩም ጐድሏል። ይኸው የከሳ በሬ ግን ከግንቦት ዠምሮ የጠነከረውን መሬት እንዲገለብጥ ይጠበቅበታል። ለጤፍ የሚሆን እርሻ አራትና አምስት ጊዜ፣ አንዳንድ ስፍራም ከዚያ በላይ መታረስ ስላለበት የበሬው ድካም በዚህ እህል ይበዛል። ስለዚህ የእርሻ በሬ አጠባበቅ የሚዠመረው ቀንበር በሚነሣበት ቀን ሳይሆን ከሰባት ወር አስቀድሞ፣ በጥቅምት ነው።

በጥቅምት ሣሩ ማበብ ሲዠምር ታጭዶ የደረቀ እንደ ሆነ ድርቆሹ ለበሬው ኃይል ይሰጠዋል። ዘሩን ካፈሰሰ በኋላ ኅዳር ካለፈ ቢታጨድ ግን ክምሩ ምንም ትልቅ ቢሆን የሚበዛው አገዳው ነው። ገበሬው ማጨዱን የሚያዘገየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክምሩ ከፍ እንዲልለት ይፈልጋል፤ ቀጥሎም የአዝመራው ሥራ ያይልበታል። ይሁን እንጂ ጥቂት ሸክም ሣር እንኳ በጊዜው ታጭዶ፣ ዝናም በማያገኘው ቦታ ለበሬዎቹ ብቻ ተለይቶ ቢቀመጥ፣ የጤፍ ጭድም ከስንዴው ጭድ ተለይቶ ለግንቦትና ለሰኔ ቢቆይ፣ በሬው ወደ እርሻ የሚወጣበት ጉልበት ሌላ ይሆናል። አሞሌ ማስላስና በሥራው ቀን ጧትና ማታ ውሃ ማጠጣትም ከዚሁ ጋራ የሚታሰብ ነው። የሚያርስ በሬ ውሃ በየሁለት ቀኑ ብቻ አግኝቶ ሊሠራ አይችልም።

በሬን ከሚጐዱት ነገሮች አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ሳይነገርለት የሚቀረው፣ ከመቀናጆ የሚመጣው ድካም ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ ተቀናጅቶ፣ ዛሬ የአንደኛውን ነገ የሌላውን መሬት ተራ በተራ ያርሳሉ። ልማዱ መልካም ነው፤ ድኻውን ገበሬ ከመሬቱ እንዳይነቀል ጠብቆታል። ነገር ግን ገበሬዎቹ በየተራቸው ሲያርፉ በሬዎቹ ለሁለቱም ያርሳሉና አያርፉም። ከዚህም በላይ ባለተራው ቀኑ እንዳያመልጠው ሲል በሬዎቹን በቀትር ፀሐይ ሳይቀር ሲነዳቸው ይውላል። ይህን ለማስቀረት ወጪ አያስፈልግም፤ ውሉ ሲገባ የመፍቻውን ሰዓትና በየተራው ቀን መኖ የሚያቀርበው ማን እንደ ሆነ በሽማግሌ ፊት መነጋገር ይበቃል። የበዓላት መብዛት እርሻን ያዘገያል እየተባለ ብዙ ተነቅፏል፤ በሬው አፍ ቢኖረው ግን በዚህ ነገር ከነቃፊዎቹ ጋራ ባልተስማማ ነበር።

የቀንበር ቍስል ደግሞ በየመንደሩ የሚታይ ነው። ቀንበሩ በሻኛው ፊት የሚያርፍ ስለ ሆነ በደንብ ያልተላገ እንጨት በየእርምጃው ቆዳውን ይፍቀዋል፤ ማነቆው የጠበበም እንደ ሆነ አንገቱን ይልጠዋል። ቁመታቸው የማይመጣጠን ሁለት በሬዎች ሲጠመዱ ቀንበሩ ያዘነብልና የአንደኛው አንገት ብቻ ይቈስላል። ከቀንበሩ ሥር አሮጌ አጎዛ ወይም የተጣጠፈ ጆንያ ማድረግ ይጠቅማል፤ ግን ዝናም ሲያርሰውና ጭቃ ሲይዘው እርሱው ራሱ ስለሚልጥ በየማታው ታጥቦ መድረቅ ይገባዋል። ቍስሉ በወጣ ጊዜ በጨው ውሃ አጥቦ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ጠብቆ፣ እስኪድን ድረስ አለመጥመድ ነው። ዝናሙ አይጠብቅም የሚለው የገበሬው ጭንቀት እውነት ነው፤ ነገር ግን ትንሹ ቍስል በጥቂት ቀን ዕረፍት ሲድን፣ ታርሶበት የከፋው በሬውን ለሳምንታት ከሥራ ያስቀረዋል።

የታመመን ከብት በጋለ ብረት መተኮስ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። ሐኪም በሩቅ ባለበት አገር ገበሬው እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ብሎ ቢያደርገውም፣ መተኮሱ በሽታውን ሳያድን ሌላ ቍስል ይጨምራል፤ ቆዳውንም በገበያ ዋጋ ያሳጣዋል። ወይፈንን በድንጋይና በእንጨት ቀጥቅጦ ማኮላሸትም እንዲሁ ነው። የኢጣልያው የእንስሳት ሐኪም ቡርዲዞ የሠራው መቆንጠጫ ቆዳውን ሳይቀድ የፍሬውን ጅማት ስለሚያደቅ ሥራው ባጭር ጊዜ ያልቃል፤ ደምም አይፈስም።

ከብት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለማወቅ የክፉ ቀንን ታሪክ ማስታወስ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ አገር በመጡ ከብቶች በምፅዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአብዛኛውን አገር ከብት ፈጀ። የሚያርስ በሬ ስለ ጠፋ መሬቱ ጦም አደረ፤ ረኀቡም በዚያ ላይ ታከለበት። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፍረዋል። በሽታው ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የተነገረው በ2003 ዓ.ም. (በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2011) ነው። ለዚህ ድል ክትባቱን የሠሩት ሊቃውንት ብቻ ሳይሆኑ ባለከብቶቹም ድርሻ አላቸው። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መኪና በማይገባበት በአፋር ምድር ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው፣ ሙቀት የሚችለውን ክትባት ይዘው በእግራቸው እየዞሩ መንጋውን ከትበዋል። የመንጋውን መንገድና የውሃውን ስፍራ ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም።

አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ግን ዛሬም አሉ። ለእነዚህ በሽታዎች ክትባት የሚረዳው ከብቱ በጤናው ሳለ ነውና የክትባት ቀን ሲነገር የከሳውንም፣ የሚያርሰውንም፣ በጎረቤት ቤት ያለውንም በሬ አብሮ ማውጣት ያስፈልጋል። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ደም የወጣ ከብት ግን አባ ሰንጋ ለሰውም የሚተላለፍ በመሆኑ ቆዳው አይገፈፍም፣ ሥጋውም አይበላም፤ በጥልቅ ጉድጓድ ተቀብሮ ነገሩ ያን ዕለት ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል።