ልጡ እባብ የሆነ ዕለት

ስምንት ዓመት ገደማ ሆኖኝ ነበር። አያቴ ከጓዳ ጨው እንዳመጣላት ላከችኝ። መሽቷል፤ ኩራዙ ያለው ምድጃው አጠገብ ነው፤ ጓዳው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ጨዉን አንስቼ ስመለስ እግሬ አንድ የተጠቀለለ፣ ቀዝቃዛ ነገር ረገጠ። ቀጥሎ የማስታውሰው ጨዉን በትኜ፣ በሩ ጋ ቆሜ ሳለከልክ ነው። በዚያው ክረምት ጓሯችን ውስጥ እባብ ተገድሎ ነበርና ሌላ ምን ሊመስለኝ ይችላል? አያቴ ኩራዙን ይዛ ገባች። የጥጃ ማሰሪያ ልጥ ነበር። አንስታ አሳየችኝ፤ አየሁት፤ ገባኝም። ጉልበቴ ግን ቄጤማ እንደሆነ ነው፤ ልቤም መደለቁን አልተወም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። በዚህ ባለ አራት ቃል ተረት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎች አሉ። እኔ ምንነቱን ሳላውቅ ዘልሎ የሸሸው ማን ነው? ልጥ መሆኑን ካወቅሁ በኋላስ ሰውነቴ ለምን አላመነኝም?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን የምናገኘው አሚግዳላ ዘንድ ነው። አሚግዳላ በአንጎል ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ጥንድ የነርቭ ሕዋሳት ክምችት ነው። ስሙ በግሪክኛ ለውዝ ማለት ነው፤ የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ እንጂ ቆልተን የምንቆረጥመው ኦቾሎኒ አይደለም። ዐይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው፣ ቆዳ የነካው ሁሉ አስቀድሞ ታላመስ ወደሚባል የአንጎል መናኸሪያ ይደርሳል። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ረጅሙ ወደ አንጎል ቅርፊት ይወጣና ነገሩ በዝርዝር ተመርምሮ ወደ አሚግዳላ ይወርዳል፤ ሌላው በአቋራጭ ይሄዳል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆሴፍ ለዱ እንደጻፈው፣ በአይጦች አንጎል ውስጥ አንድ ድምፅ በአቋራጩ አሚግዳላ ለመድረስ 12 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ በረጅሙ መንገድ ግን እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ይፈጅበታል። በሰው ላይ የአቋራጩ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ዛሬም ምሁራን ይከራከሩበታል። የአቋራጩ ወሬ ያልጠራ ነው፤ “የተጠቀለለ፣ ቀዝቃዛ፣ መሬት ላይ” ከማለት አያልፍም። ለመሸሽ ግን ይበቃል። ልጥ ፈርቶ የሸሸ የሚከስረው ጭብጥ ጨው ነው፤ እባቡን ልጥ ነው ብሎ የቆመ ግን ሕይወቱን ሊከፍል ይችላል።

አሚግዳላ ሲነቃ ሃይፖታላመስ የተባለውን የአንጎል ክፍል ይቀሰቅሳል። ትእዛዙ በአከርካሪ ነርቮች ወርዶ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ ቆብ መስለው የተደፉ ሁለት ዕጢዎች ዘንድ ይደርሳል። እያንዳንዳቸው ቢመዘኑ 5 ግራም ያህል ቢሆኑ ነው። ከእነርሱ የሚፈልቀውን ንጥረ ነገር ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አጣርቶ አወጣውና አድሬናሊን አለው፤ በላቲን “ኩላሊት አጠገብ” እንደማለት ነው። አበው ፈጣሪን ልብና ኩላሊትን የሚመረምር ሲሉት ኖረዋል። የሰው ልጅ የስሜቱን ስውር ጓዳ ከኩላሊት ጋር ማያያዙ፣ ስለ ዕጢዎቹ ባወቅሁ ቁጥር ይገርመኛል።

የአድሬናሊንን ሥራ ለመተረክ አማርኛ የሚጎድለው ነገር የለም። ክው አልኩ እንላለን፤ ክው ማለት መድረቅም ነው፤ በድንጋጤ ጊዜ ምራቅ ይቀንሳልና አፍ በእርግጥ ይደርቃል። ፊቱ አመድ መሰለ እንላለን፤ የቆዳ ደም ሥሮች ጠብበው ደሙ ለመሮጥ ወደሚያስፈልጉት ጡንቻዎች ሄዷል። ፀጉሬ ቆመ፣ ብርክ ያዘኝ፣ ሆዴ ተንቦጨቦጨ፤ አንዱም ማጋነን አይደለም። በዚያች ቅጽበት ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ የሳንባ ቱቦዎች ይሰፋሉ፣ የዐይን ብሌን ይከፈታል፣ ጨጓራና አንጀት ሥራቸውን ያዘገያሉ። የሃርቫርዱ ዋልተር ካነን በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁሉ ለመፋለም ወይም ለማምለጥ የሚደረግ ዝግጅት አድርጎ ተነተነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። የነርቭ መልእክት በቅጽበት ይመጣል፣ በቅጽበትም ይቆማል። ደም ውስጥ የገባ አድሬናሊን ግን እስኪጣራ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ከዚያው ዕጢ ቅርፊት የሚወጣው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ደግሞ ይበልጥ ዘገምተኛ ነው፤ ከፍ የሚለው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። አያቴ ልጡን ስታሳየኝ አእምሮዬ ተረድቷል፤ ደሜ ግን ገና የቀድሞውን ወሬ ይዞ ይዞር ነበር።

ታዲያ ፍርሃት ማለት አድሬናሊን ነው ማለት ነው? ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዊልያም ጄምስ በ1884 እ.ኤ.አ. ስለፈራን አንንቀጠቀጥም፣ ስለተንቀጠቀጥን ነው የምንፈራው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ስፔናዊው ሐኪም ግሬጎርዮ ማራኞን ደግሞ በ1924 እ.ኤ.አ. ሰዎችን አድሬናሊን ወግቶ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። ልባቸው መታ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። አብዛኞቹ ግን የሰውነታቸውን ለውጥ ብቻ ተናገሩ፤ ሌሎቹ “የፈራሁ ያህል” ወይም “ላለቅስ የደረስኩ ያህል” ተሰማኝ አሉ። እውነተኛ ስሜት የመጣባቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ሐኪሙ አስቀድሞ ስለታመሙ ልጆቻቸው ወይም ስለሞቱ ወላጆቻቸው ያወያያቸው ይገኙባቸዋል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም። ኬሚካሉ እሳቱን ያነድዳል፤ ምጣዱ ላይ የሚጣደውን የሚያመጣው ግን የሰውየው ሕይወት ነው።

“የደስታ ሆርሞን” እየተባለ በየቦታው የሚነገረው የማያረካኝ ለዚህ ነው። ለምሳሌ ሴሮቶኒንን እንውሰድ። በሰውነታችን ካለው 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንጀት ውስጥ ነው፤ እዚያም የአንጀትን እንቅስቃሴ ይመራል እንጂ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ሆድ ለስሜት የሚያዋጣው በሌላ መንገድ ነው። ቬገስ የተባለው ረጅም ነርቭ አንጎልን ከልብ፣ ከሳንባና ከአንጀት ጋር ያገናኛል፤ ከክሮቹ 80 በመቶ ያህሉ ወሬ የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ ተላወሰ የሚል ሰው አንጎሉ ከታች የሰማውን ነው የሚናገረው።

ወደ አሚግዳላ እንመለስ። በአሜሪካ ባልተለመደ በሽታ ሁለቱም አሚግዳላዎቿ የጠፉባት አንዲት ሴት አለች። ተመራማሪዎች እንስሳት ወደሚሸጡበት ሱቅ ወሰዷት። እባብ እጠላለሁ ስትል የኖረችው ሴት እባቡን አንስታ ዳበሰችው፤ ለመንካት የጓጓችውን መርዘኛ ሸረሪት እንዳትነካ የከለከሏት ሰዎች ናቸው። አሚግዳላ ከሌለ ፍርሃት የለም ለማለት ጥቂት ሲቀር፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ሙከራ መጣ። ይህችው ሴትና እንደ እርሷ ያሉ ሁለት ሰዎች 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር አንድ ጊዜ ሲስቡ ሽብር ያዛቸው፣ መሸፈኛውንም ከፊታቸው ለማውለቅ ታገሉ። አደጋው ከውጭ ሳይሆን ከገዛ ደማቸው ሲመጣ ፍርሃት ሌላ በር አገኘ። ይህን ውጤት ባነበብሁ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም።

አድሬናሊን ያን የጓዳ ምሽት ከሌሎቹ ሺህ ምሽቶች ለይቶ ጠበቀልኝ። ራሱ ወደ አንጎል በቀላሉ አይገባም፤ በቬገስ በኩል መልእክቱን ሲያደርስ አሚግዳላ “ይህን ያዝ” ብሎ የማስታወሻ ክፍሎችን ያነቃል። በዚህ መንገድ የተያዘ ፍርሃት በቀላሉ አይፋቅም። በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል “ልጥ ነው፣ አትፍራ” የሚል አዲስ ትምህርት ይደርብበታል፤ አሮጌው ግን ከስር ይተኛል።

በማግስቱ አያቴ ያንኑ ልጥ እጄ ላይ አስቀምጣ ጥጃውን እንዳስር አዘዘችኝ። አሰርሁት። በሚቀጥሉትም ቀናት እንዲሁ። ዛሬም ግን ሲመሻሽ ግቢ ውስጥ የተጠቀለለ የውሃ ጎማ ሳይ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል።