ዶርም ሲሞላ

በየዓመቱ አዲስ ተማሪ በሚጠራበት ሰሞን ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወጡት ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ዋናውና ኮፒው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፤ ቀጥሎ ደግሞ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ እና የስፖርት ትጥቅ። ወረቀቱ ለሬጅስትራር፣ አንሶላው ለዶርም ነው። ይህን የሚያነብ ወላጅ ሻንጣና የአውቶቡስ ትኬት ያሳስበው ይሆናል እንጂ ልጁ የት እንደሚያድር አይጨነቅም። መንግሥት ከመደበው አልጋም አለው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲባል ትምህርት፣ ምግብና መኝታ አንድ ላይ የተጠቀለሉበት ነገር መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ የሆነው ምደባው አገር አቀፍ ስለሆነ ነው። ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፣ በውጤቱ ይወዳደራል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል። የጋምቤላው ልጅ ደብረ ብርሃን፣ የጎንደሯ ልጅ ሮቤ ልትደርስ ትችላለች። ከቤተሰቡ የሁለት ቀን መንገድ የራቀን የ18 ዓመት ልጅ «ቤት ፈልገህ ተከራይ» ማለት አይቻልም፤ አብዛኛው ቤተሰብም የሚከፍለው የለውም። ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስንት ተማሪ መቀበል እንደሚችል የሚወስነው የመምህሩና የመማሪያ ክፍሉ ቁጥር ብቻ አይደለም። ክፍሉ ጠዋት አንዱን ሴክሽን፣ ከሰዓት ሌላውን፣ ማታ ደግሞ የኤክስቴንሽኑን ተማሪ ያስተናግዳል። አልጋ ግን በፈረቃ አይሠራም።

በሌላው ዓለም ተማሪ ቤት ሲያጣ እጥረቱ በኪራይ ዋጋ ይታያል። እኛ ዘንድ ደጅ ያደረ ተማሪ ስለማይታይ እጥረት የሌለ ይመስላል። አለ እንጂ፤ የሚታየው ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ነው። ለአራት ሰው የታሰበው ክፍል ሌላ ተደራራቢ አልጋ ይገባበትና ስድስት፣ ሲብስም ስምንት ያድርበታል። በአልጋዎቹ መካከል የሚቀረው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሎከሩ አንድ ለሁለት ይሆናል፤ የተረፈው ሻንጣ አልጋ ሥር ይገፋል። ሶኬቱ አንድ ነው፤ ከእሱ የተቀጠለው ማከፋፈያ ላይ የስድስት ሰው ቻርጀር ተደርድሮ ያድራል። የታችኛው አልጋ ባለቤት መቼም ለብቻው አይቀመጥም፤ አልጋው ቀን ቀን የዶርሙ ሁሉ ሶፋ ነው። የላይኛው ደግሞ ሰላም አለው፣ መብራቱ ግን ዓይኑ ላይ ነው። ማጥናት የሚፈልግ ላይብረሪ ይሄዳል። ትኋን ከገባ አንድ አልጋ ለይቶ ማጽዳት ዋጋ የለውም፤ ፍራሹ ሁሉ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት።

ድልድሉን የሚሠራው የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ጽሕፈት ቤት ነው፣ ብሎኩን የሚጠብቁት ደግሞ ፕሮክተሮች። ፕሮክተሩ ቁልፍ ይሰጣል፣ ፍራሽና ሎከር ያስፈርማል፣ ማን የት እንዳደረ ያውቃል። ዓመቱ ሲያልቅም ያስፈረመውን ዕቃ ሳይረከብ ክሊራንስ ላይ አይፈርምም። ብዙ ቦታ ድልድሉ የስም ቅደም ተከተል ይከተላል። በዚህ የተነሳ አንዱ ዶርም በአበበ፣ ሌላው በመሐመድ ይሞላል፤ «አበበ!» ሲባል ሦስት ሰው ቀና የሚልበት ክፍል ተረት አይደለም።

ከውጭ ሲታይ አልጋ ቆጥሮ ማከፋፈል ቀላል ሥራ ይመስላል። ግን የሴቶች ብሎክ ሠላሳ አልጋ ቢተርፈው ወንድ አይገባበትም። አካል ጉዳተኛው ምድር ቤት ይፈልጋል። ፍሬሽማን ከነባሩ ተለይቶ እንዲቀመጥ ይወሰን ይሆናል። ቧንቧው የፈነዳበት ፎቅ ለጥገና ይዘጋል። በወረቀት ላይ የሚበቃው አልጋ በእነዚህ ሁሉ ሲከፋፈል ይጎድላል፤ የጎደለውን ለመሙላት የቴሌቪዥን ክፍሉ ወይም የማንበቢያው ክፍል አልጋ ገብቶበት ዶርም ይሆናል። አንዴ የተወሰደ ማንበቢያ ክፍል ሲመለስ ለማየት መታደል ያስፈልጋል።

እዚህ ያደረሰን የፍጥነት ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም አራት ኪሎ ሲከፈት ተማሪው ጥቂት ነበር። በ1954 ዓ.ም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ ሆነ። ከዚያም በኋላ ዕድገቱ አዝጋሚ ነበር፤ ኤርትራ በተለየችበት ወቅት አገሪቱ የቀሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም ገደማ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ መቀሌና ደቡብ የተባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ተጨመሩ። እነዚህ ባዶ መሬት ላይ አልበቀሉም፤ ቀድሞ የነበሩ ኮሌጆች ተጣምረው ነው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። ባሕር ዳርን ብንወስድ፣ በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ («ፖሊ») እና የመምህራን ማሠልጠኛው ፔዳ አንድ ላይ ሆኑ። ስሙ በአንድ ቀን አደገ፤ ዶርሙ ግን ለኮሌጅ ታስቦ የተሠራው ያው ነበር።

ከዚያ የ13ቱ ዩኒቨርሲቲዎች ግንባታ መጣ፦ አክሱም፣ ሰመራ፣ ጅግጅጋ፣ ድሬዳዋ፣ ወሎ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ዲላ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ሚዛን ቴፒ እና ሌሎቹ። ሥራው በጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ አስተባባሪነት፣ ወጪ በሚቆጥብ ቴክኖሎጂና በተቀራራቢ ዲዛይን ስለተከናወነ አንዱን ግቢ የሚያውቅ ሰው ሌላው ላይ ብሎኩን ሲያይ ግር አይለውም። ለፍጥነትና ለወጪ ይህ ብልህነት ነበር። ችግሩ ተማሪው ከሕንፃው ቀድሞ መድረሱ ነው። ከዚያ ወዲህም ሌሎች ተከፍተው ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል፤ ብዙዎቹ ሥራ የጀመሩት ግማሹ ግቢ ገና በግንባታ ላይ እያለ ነው።

አልጋ ያነሰው ዩኒቨርሲቲ የቀረው መሣሪያ ካላንደር ነው። ነባሩ ተማሪ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሲገባ አዲሱ ዘግይቶ ይጠራል። ክረምት መጣ ሲባል መደበኛው ተማሪ ወጥቶ የክረምት ተማሪ የሆነው መምህር በዚያው አልጋ ይተካል። ስለዚህ ዶርም የሚያርፍበት፣ ቀለም የሚቀባበት፣ ቧንቧው የሚታይበት ወር የለውም። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ተማሪው ወደ ቤቱ ተሸኘ፤ በርካታ ዶርሞች ለይቶ ማቆያ ሆኑ። ትምህርት ሲከፈትም ተመራቂዎቹ ቀድመው፣ ሌላው በየተራው ነው የተጠራው፤ ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል ርቀት መጠበቅ አይቻልማ። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ደግሞ 900 ሺህ ገደማ ተፈታኝ በሁለት ዙር እነዚሁ ዶርሞች ውስጥ አደረ፤ ነባሮቹ ተማሪዎች ግቢውን ለቀውላቸው። አገሪቱ ውስጥ ይህን ያህል ሰው ሊያሳድር የሚችል ሌላ ተቋም ያለ አይመስለኝም።

ሁሉም ግን ግቢ አያድርም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተሰቡ ከተማው ውስጥ የሚኖር ተማሪ ዶርም አለማግኘቱ የቆየ አሠራር ነው። ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ ከሩቅ የመጣው ይቅደም። ግን «አዲስ አበባ» የሚባለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ነው? ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ስድስት ኪሎ የሁለት ሰዓት ክላስ የሚገባ ልጅ ገና ሳይነጋ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፤ ማታ ላይብረሪ ልቆይ ቢል የሚመለስበት ያጣል። አቅሙ ያለው ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ በግቢው ዙሪያ ክፍል ይከራያል። በክልል ከተሞችም ጭንቅንቁ ያስመረረው ተማሪ እንዲሁ ያደርጋል። አከራዩም የትምህርት ካላንደሩን ከሬጅስትራሩ ባልተናነሰ ያውቃል፣ ጭማሪውንም በዚያው ልክ ያሰላል። ለሴት ተማሪዎች የማታው መንገድ ራሱን የቻለ ሥጋት ነው።

ዶርም ነፃ ነው የሚለውም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን ለመጋራት ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ኮስት ሼሪንግ የሚሉት ይህ ነው። ዶርም ያልወሰደ የመኝታውን አይፈርምም። የወሰደው ግን አራት ሆኖም አደረ ስምንት ሆኖ የሚፈርመው ያንኑ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ተማሪ ሊከራከርበት የሚገባው አንዱ ነጥብ ይህ ነበር፤ ሲከራከርበት ግን አልሰማሁም።

በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ግቢዎች ተንፈስ ብለዋል። ምክንያቱ ግን ግንባታ አይደለም። በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ሲሆን በ2015ም ውጤቱ 3.2 በመቶ ነበር። ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ገብተው የተሻሻሉት ቢጨመሩ እንኳ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ቁጥር ከበፊቱ በጣም አንሷል። አልጋው ሳይጨምር ተማሪው ስለቀነሰ የመጣ ፋታ ነው። የፈተናው ውጤት ሲሻሻል፣ መሻሻሉም አይቀርም፣ ያ ማንበቢያ ክፍል እንደገና አልጋ ይገባበታል።

ፋታው ሳያልፍ መሠራት ያለበት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር አለ። ሚኒስቴሩ በየዓመቱ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለውን ተማሪ ቁጥር ሲያሳውቅ አጠገቡ ግቢው ያለውን አልጋ ቁጥር ይጻፍ፤ የወንድና የሴት ተለይቶ፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድርም ተጠቅሶ። ልጁን የሚልክ ወላጅ ብርድ ልብስና አንሶላ እንዲያዘጋጅ ከተነገረው፣ ልጁ ስንተኛ ሆኖ እንደሚተኛም ይነገረው።