የኳስ ተጫዋች እርጅና

ሰው በ38 ዓመቱ በመሥሪያ ቤት ገና ጐልማሳ ይባላል፤ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ግን ሽማግሌ ነው። ሽማግሌውም ከወጣቶች ጋራ እንዴት ሊወዳደር እንደሚችል ለመረዳት፥ የአሜሪካዊውን የከሪም አብዱል ጀባርን ነገር መመልከት ይበቃል።

በ1985 ዓመት (የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) የሎስ አንጀለስ ሌከርስና የቦስተን ሴልቲክስ ለዋንጫ ተጋጠሙ። በመጀመሪያው ቀን ሌከርስ 148 ለ114 ድል ሆኑ። ከሪም ያገባው 12 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከቅርጫቱ ነጥሮ የተመለሰውንም ኳስ ከ3 ጊዜ በላይ አልያዘም። ዕድሜው 38 ስለ ነበረ፥ ብዙ ሰዎች ዘመኑ አለፈ ብለው ፈረዱበት። እርሱ ግን የጨዋታውን ፊልም ከፊት ተቀምጦ ጥፋቱን ተመለከተ፤ በልምምድም በብርቱ ሮጠ። ከሦስት ቀን በኋላ 30 ነጥብ አገባ፥ ነጥሮ የተመለሰውንም ኳስ 17 ጊዜ ያዘ፤ ሌከርስም 109 ለ102 አሸነፉ። በፍጻሜው ዋንጫው የእነርሱ ሆነ፤ ከሪምም ከሁሉ የሚበልጥ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። ይህን ማዕርግ መጀመሪያ ያገኘው በ1971 ነበረ።

ነገር ግን ይህ በሦስት ቀን የተገኘ ጕልበት አይደለም። በሰው ጡንቻ ውስጥ ለዝላይና ለሩጫ የሚያገለግሉት ፈጣኖቹ ክሮች ከዝግተኞቹ ቀድመው እየሳሱ ይሄዳሉ፤ ጅማትም ከድካም በኋላ እንደ ድሮው ቶሎ አይበረታም። የማያቋርጥ ልምምድ ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ከሪም ዮጋ የሚባለውን የህንዶች የሰውነት ማፍታቻ ለብዙ ዓመት ይሠራ ነበር። ዋናው ብልሃቱ ግን አጣጣሉ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ሳንቲም ሲሆን፥ ጐኑን ለተቃዋሚው ሰጥቶ፥ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ፥ ኳሱን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ይሰደው ነበር። ይህ ብዙ ዝላይ ስለማይፈልግ፥ ጕልበቱ ሲቀንስ አጣጣሉ አብሮ አልቀነሰም።

በ2023 ሌብሮን ጄምስ የከሪምን የ38,387 ነጥብ ብልጫ ባለፈ ጊዜ የእርሱም ዕድሜ 38 ነበረ። ከጨዋታ በኋላ በበረዶ ውሃ ይነከራል፤ ደጋግሞ የሚያመሰግነው ግን እንቅልፍን ነው። በወግና በግብዣ የምናመሽ፥ በማግሥቱም በደረጃ ላይ የምናለከልክ እኛ ይህን ስንሰማ ብናፍር አያስደንቅም።

ከሪም በ1989 በ42 ዓመቱ፥ 20ኛውን የጨዋታ ዓመት ፈጽሞ ተሰናበተ። በ1972 በአንድ ጨዋታ በአማካይ ወደ 35 ነጥብ ያገባ የነበረው ሰው፥ በዚያ በመጨረሻው ዓመት ወደ 10 ወርዶ ነበር።