ከጠጁ በታች፣ ከቀዩ በላይ

ከመተማ ወይም ከሁመራ የሰሊጥ እርሻ የተመለሰ ወጣት ትኩሳቱ ሳምንታት ቆጥሮ፣ ሰውነቱ ከስቶ፣ ግራ ጎኑ አብጦ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ካላዛር የሚታሰበው የወባው መድኃኒት ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር ነው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የታወቀው ወረርሽኝም መጀመሪያ ወባ ተብሎ ነበር የተያዘው።

በሽታውን የሚያመጣው ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለ ጥገኛ ተህዋሲ ነው። የሚያስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ነች። ዋልካ አፈር ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ትጠለላለች፤ ከግራር ሥር ሜዳ ላይ የሚያድረውን የቀን ሠራተኛም ሌሊት ትነድፈዋለች።

ለረጅም ዘመን አስተማማኙ ማረጋገጫ ጣፊያን በመርፌ ወግቶ ናሙና መቅዳት ነበር። ሐኪሙ ያበጠውን ጣፊያ ዳብሶ ዳርቻውን ቆዳው ላይ በብዕር ያሰምራል፤ መርፌውን ያስገባና በቅጽበት ያወጣዋል። በሽተኛው ከዚያ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፤ ጣፊያ ከደማ ማስቆሙ ከባድ ነውና። ከሺህ ሰው የአንድ ያህሉን ሕይወት ሊቀጥፍ የሚችል ምርመራ ነው።

ከጣት ደም የሚሠራው አርኬ 39 የተባለ ፈጣን ምርመራ ይህን ጭንቀት ብዙ አቅልሏል። ሆኖም በህንድና በአካባቢዋ ከ100 ሕሙማን 97ቱን ሲለይ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የሚለየው 85 ያህሉን ነው። የሚፈልገውም ተህዋሲውን ሳይሆን ሰውነት የሠራበትን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ደግሞ ሰው ከዳነም በኋላ በደሙ ስለሚቆይ፣ ታክሞ የወጣ ሰው ዳግም ሲያተኩሰው ምርመራው በሽታው ማገርሸቱን ሊነግረን አይችልም። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሰውነት ደግሞ ፀረ እንግዳ አካሉን በበቂ ላይሠራ ይችላል።

ፒሲአር የተባለው ምርመራ ግን የሚፈልገው ራሱን ተህዋሲውን፣ በትክክል ለመናገር ዘረመሉን ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ የዚህ ፍጥረት አሠራር ነው። ከኒውክለሱ ሌላ፣ በአንዲት ሴል ውስጥ እንደ ሰንሰለት እርስ በርስ የተቆላለፉ 10,000 ያህል ጥቃቅን የዘረመል ቀለበቶች ይዟል። ምርመራው እነዚህን ቀለበቶች ካነጣጠረ አንድ ተህዋሲ ብቻ ብትገኝ እንኳ ብዙ ሺህ ምልክት ይዛ ነው የምትገኘው። ማሽኑ ናሙናውን እያሞቀና እያቀዘቀዘ በየዙሩ ምልክቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ወደ ቢሊዮን ይጠጋል።

ታዲያ ችግሩ ደሙ ነው። ለደም መቅላት ምክንያት የሆነው ሄሞግሎቢን የማባዣውን ኢንዛይም ያዳክመዋል። ሄፓሪን ያለበት አረንጓዴ ክዳን ቲዩብም እንዲሁ ያደርጋል፤ ለዚህ ሥራ ሐምራዊ ክዳን ያለው ይመረጣል። በዚያ ላይ ተህዋሲው የሚበዛው በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ነው፤ በደም ሥር የሚዘዋወረው ጥቂት ነው፣ እሱም በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ተሸሽጎ። ስለዚህ ምርመራውን ማሻሻሉ የሚጀምረው ማሽኑ ሳይከፈት ነው። ቲዩቡ በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር ከላይ የጠጅ ቀለም ያለው ፕላዝማ ይንሳፈፋል፤ ከሥር ቀዩ ይዘቅጣል። በሁለቱ መካከል ወረቀት የምታህል ነጭ ንጣፍ ትቀመጣለች። ባለሙያው ትንፋሹን ይዞ በፒፔት የሚቀዳው እሷን ነው። ነጮቹ ሴሎች ያሉት እዚያ ነው፤ ተህዋሲውም አብሯቸው። ከብዙ ደም የተሰበሰበች ይህች ጠብታ በደንብ ከታጠበች፣ ካልተለየ ደም ያመለጠው ተህዋሲ ሊገኝባት ይችላል።

መብራት በሚቆራረጥበት ገጠር ፒሲአር አይመችም። በጃፓን የተፈለሰፈው ላምፕ የተባለ ዘዴ በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ በአንድ ሙቀት ብቻ ይሠራል። ኢንዛይሙ የደም ርዝራዥን በተሻለ ይቋቋማል፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜም ተህዋሲው ያለበት ቲዩብ አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ በዓይን ይታያል። ወረዳ ላይ ላለ ሆስፒታል ይህ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘረመሉ መገኘቱ ብቻውን ግን ፍርድ አይሆንም። በሽታው ባለበት ቆላ ተህዋሲውን ይዘው ሳይታመሙ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ አሁን ከ«አለ ወይስ የለም» ባሻገር «ምን ያህል አለ» ብሎ የሚቆጥረው ፒሲአር ይፈለጋል። የዚያ ወጣት ደም ከመድኃኒቱ በፊት በ25ኛው ዙር ምልክት ሰጥቶ፣ በሕክምናው ማብቂያ የተቀዳው እስከ 40ኛው ዙር ዝም ካለ፣ ጣፊያው ዳግም መርፌ ሳይነካው ወደ ቤቱ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል።