የሰው ማንነት መዝገብ በብሎክቼይን ስለሚጠበቅበት አሠራር

ገበሬ የማዳበሪያ ብድር ለመቀበልም ሆነ የመሬት ይዞታውን ለማስመስከር ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በመጣ ጊዜ፥ አስቀድሞ የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ ነው። ይህም የሚታወቀው በመዝገብ ስለ ሆነ፥ አንድ ሰው በስውር መዝገቡን ፍቆ የሌላ ስም ቢያገባበት ባለመብቱ በገዛ እርሻው ላይ እንደ እንግዳ ይቈጠራል። ስለዚህ ብሎክቼይን የሚባለውን የመዝገብ አጠባበቅ የክልልና የወረዳ ሹማምንት እንዲረዱት ይህን ጽፈናል።

ኮምፒውተር ማናቸውንም ጽሑፍ ተቀብሎ በስሌት አጭር ምልክት ያወጣለታል፤ ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ምልክቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የመዝገቡም እያንዳንዱ ገጽ የቀደመውን ገጽ ምልክት ይሸከማል። እንግዲህ አሮጌውን ገጽ የነካ ሰው ከእርሱ በኋላ ያሉትን ሁሉ መለወጥ ግድ ይሆንበታል፤ ግልባጩም በብዙ ስፍራ ስለሚገኝ ተንኰሉ ይገለጣል። ይህን ምልክትን በምልክት የማያያዝ ሐሳብ ሀበርና ስቶርኔታ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1991 አሳትመውታል፤ ስሙ የገነነው ግን ቢትኮይን በ2009 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው።

የኤስቶኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 በኮምፒውተሮቹ ላይ ብርቱ ጥቃት ደርሶበት ነበርና፥ ከ2012 ጀምሮ አንዳንድ መዛግብቱን በዚህ ዓይነት አሠራር ያስጠብቃል። ነገር ግን የሕዝቡ መዝገብ ራሱ ወደ ሰንሰለቱ አልገባም፤ የገባው ምልክቱ ብቻ ነው። ይህን አጥብቆ ልብ ማለት ይገባል። በሰንሰለቱ የተጻፈ አይፋቅምና፥ የሰው ስምና የጣት አሻራ በዚያ ቢጻፍ ተገልጦ ይቀራል።

ምልክት ብቻውንም ቢሆን ሁልጊዜ ምስጢር አይጠብቅም። የፋይዳ ቁጥር 12 አኃዝ ነው፤ ሊኖሩ የሚችሉትም ቁጥሮች ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን አይበልጡም። ይህ ለእኛ ብዙ ይመስላል፤ ፈጣን ኮምፒውተር ግን ሁሉን በየተራ ሞክሮ የማን ምልክት እንደ ሆነ ይደርስበታል። ስለዚህ ምልክቱ ከመውጣቱ አስቀድሞ ሌላ ምስጢራዊ ቁጥር ይቀላቀልበታል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የትምህርት ሚኒስቴር አይኦኤችኬ ከተባለ ኩባንያ ጋራ፥ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ማንነትና ውጤት በካርዳኖ ብሎክቼይን ለማስመዝገብ ማሰቡ ተገልጦ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ፋይዳ ግን ማዕከላዊ መዝገብ ነው እንጂ ብሎክቼይን አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ለገበሬው መንገር ስሕተት ነው።

ባለመዝገቡ ማንነቱን የሚያስመሰክርበት የምስጢር ቁልፍም ይሰጠዋል። ስልኩ ወንዝ የወሰደበት ገበሬ ቁልፉንም ስለሚያጣ፥ አሮጌውን ሽሮ አዲስ የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ካልተወሰነ መብቱ ተቈልፎ ይቀራል። ደግሞም ሰንሰለቱ የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው፤ እውነት መሆኑን አይመረምርም። ጸሐፊው በምዝገባ ቀን የአባቱን ስም አሳስቶ ቢጽፍ፥ ማረሚያው በአዲስ ገጽ ይጻፋል እንጂ የፊተኛው አይጠፋም።