የረጋ ደም፦ ከውበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሊታወቅ የሚገባው አደጋ

«ረጋ» የሚለው የአማርኛ ቃል ለሰው ሲነገር ምስጋና ነው፤ የረጋ ሰው አስተዋይ ሰው ነው። ወተትም በታጠነ ዕቃ ውስጥ ሳይነካ ሲያድር ረግቶ እርጎ ይሆናል። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ፣ በመተሐራ አካባቢ የሚኖሩት የከረዩ አርብቶ አደሮች እንዲህ አርግተው የሚያዘጋጁትን ወተት እቲቱ ይሉታል። ቃሉ ለደም ሲነገር ግን ቦታ ይለያል። ቁስል ላይ የረጋ ደም ሕይወት ያድናል፤ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ግን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን፣ በተለይም ከውበት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያጋጥመውን የደም መርጋት ያስረዳል።

ደም የሚረጋው እንዴት ነው?

የደም ሥር ሲቆረጥ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ወደ ቁስሉ ይሰበሰባሉ። ፋይብሪን የተባለ ፕሮቲን ደግሞ እንደ ክር ተጠላልፎ ቀዳዳውን ይደፍናል። መድማት የሚቆመው በዚህ መንገድ ነው። ችግር የሚመጣው ይኸው ሥራ ባልተፈለገበት ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በባት ወይም በጭን ጥልቅ ደም መልስ ውስጥ ሲጀመር ነው። ደም መልስ ማለት ደምን ወደ ልብ የሚመልስ የደም ሥር ነው። ከእግር የሚነሳው ደም ሽቅብ መውጣት ስላለበት የባት ጡንቻ እገዛ ያስፈልገዋል፤ በተራመድን ቁጥር ጡንቻው ደሙን እየጨመቀ ወደ ላይ ይገፋዋል። እግር ለረጅም ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ይህ ግፊት ይቀንሳል፣ ደሙም ይዘገያል።

የረጋው ደም ተቆርሶ ከተጓዘ በልብ በኩል አልፎ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሳንባን የደም ሥርም ይዘጋል። በዚህ ምክንያት ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል። ይህን ጉዞ ለሕክምናው ዓለም ያስረዳው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ሲሆን ዋና ሥራውን ያሳተመው በ1856 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ሐኪሞች በእርሱ ስም የሚጠሯቸውን ሦስት ምክንያቶች ይማራሉ፦ የደም ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳት እና የደሙ ለመርጋት መፍጠን። የዓለም የደም መርጋት ቀን በየዓመቱ ኦክቶበር 13 የሚታሰበውም የፊርኾ የልደት ቀን ስለሆነ ነው።

ቀዶ ሕክምና ሦስቱንም ያመጣል

በአገራችን የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና በዋናነት የሚታወቀው የተጎዳ አካልን በመጠገን ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ የተጎዱትን ያክማል፤ አለርት ደግሞ በሥጋ ደዌ ምክንያት እጅና እግራቸው የተጎዳባቸውን ሲረዳ ኖሯል። የውበት ቀዶ ሕክምና የዚሁ ሙያ ሌላ ዘርፍ ነው። ሆኖም ለውበት የተደረገ ቀዶ ሕክምናም ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሰውነት ቢላውን ለውበት ነው ወይስ ለበሽታ ነው ብሎ አይለይም። ታካሚው በማደንዘዣ ተኝቶ እግሩ ለሰዓታት አይንቀሳቀስም፤ ሲቆረጥ የደም ሥር ይጎዳል፤ ሰውነትም መድማትን ለማቆም የደሙን የመርጋት ኃይል ይጨምራል። ፊርኾ የጠቀሳቸው ሦስቱ ምክንያቶች በአንድ አልጋ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ከውበት ቀዶ ሕክምናዎች መካከል ለዚህ አደጋ ይበልጥ ከሚያጋልጡት አንዱ የተንጠለጠለ የሆድ ቆዳንና ቦርጭን ቆርጦ ማስወገድ ነው። የሆድ ጡንቻ ሲጠበቅ በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ከእግር የሚመለሰው ደም ይዘገያል፤ ታካሚዋም ስፌቱን ፈርታ ጎንበስ ትላለች፣ ትንሽም ትራመዳለች። ከዚሁ ጋር ስብ መምጠጥ ወይም ሌላ ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን ሲታከል ሰዓቱ ይረዝማል፣ አደጋውም ይጨምራል። ዕድሜ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ካንሰር፣ እርግዝናና የአራስነት ሳምንታት፣ ኤስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያ፣ እንዲሁም ቀደም ሲል በራስ ወይም በቅርብ ዘመድ ላይ የደረሰ የደም መርጋትም አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ቤተሰብ ታሪክ ሲጠይቅ ሳይደብቁ መናገር ይገባል።

መንገዱም የሕክምናው አካል ነው

ለቢሾፍቱ፣ ለሞጆ፣ ለአዳማ፣ ለባቱ ወይም ለሻሸመኔ ነዋሪ ይህን ሕክምና ማግኘት ብዙ ጊዜ ጉዞ ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ሻሸመኔ ደግሞ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውጭ አገር ታክሞ የሚመለስ ሰው በረራው ሲያልቅ ይህ መንገድ ይጠብቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ተገልጿል፤ በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በመኪናም ጭምር። አዲስ ቁስል ያለበት ሰው ከእነዚህ ጉዞዎች በፊት ሐኪሙን መቼ መጓዝ እንደሚችል መጠየቅ አለበት። በመንገድም መኪና አስቁሞ መራመድ፣ እግርን ማጠፍና መዘርጋት ያስፈልጋል። እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ በቂ ውሃ መጠጣትም አይዘንጋ።

አደጋው ከሆስፒታል በመውጣት አያበቃም። በብሪታንያ 950 ሺህ ገደማ ሴቶችን የተከታተለና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አደጋው ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ከፍ እንደሚልና እስከ 12 ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል አሳይቷል። በሦስተኛው ሳምንት ታካሚዋ ቤቷ ናት፤ ምልክቱን መለየት ያለባቸው እርሷና ቤተሰቧ ናቸው።

ምልክቶቹ

አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ የባት ሕመም፣ ሙቀትና መቅላት የእግር ደም መርጋት ምልክቶች ናቸው። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሁለቱን እግሮች ማወዳደር ይረዳል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ወይም ራስን መሳት ደግሞ የረጋው ደም ሳንባ መድረሱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ያበጠን ባት ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት የረጋውን ደም ሊያላቅቀው ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም። ቀዶ ሕክምናውን ወዳደረገው ክሊኒክ ለመመለስ ቀን መጠበቅም አይገባም። አዳማ ያለ ሰው ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ፣ ሌላ ከተማ ያለም በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወዲያው ሄዶ «ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል» ብሎ መናገር አለበት።

መከላከያው

እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሐኪሞች ራሳቸው ታካሚን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሳምንታት ያስተኙ ነበር። ዛሬ ግን በተቻለ ፍጥነት፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ እንዲነሳ ያደርጋሉ። አደጋው ከፍ ላለ ታካሚ እግርን የሚጨምቅ ልዩ ካልሲ ወይም ሄፓሪንን የመሰለ መድኃኒት ይጨመራል። ሄፓሪን በ1916 እ.ኤ.አ. የተገኘ ሲሆን ሰዎች «ደም ማቅጠኛ» ይሉታል፤ በእርግጥ የሚያደርገው ግን የደሙን የመርጋት ፍጥነት መቀነስ ነው። መድማትን ሊያስከትል ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም፤ የታዘዘውም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥም።

ታማሚን መጠየቅ መልካም ባህላችን ነው። ታማሚው ሊነሳ ሲል ግን «ተኛ፣ አትድከም» ማለት ልማድ ሆኖብናል። ሐኪሙ እንዲራመድ ከፈቀደለት ጠያቂው ክንዱን ይዞ ከአልጋው ያስነሳው፤ እስከ ግቢው በር አብሮት ይራመድ፤ ሁለቱን ባቶቹንም አይቶ ያነጻጽርለት።