መስመር ተከታዩ ሮቦትና የክረምቱ ምርጫ

ነጭ ካርቶን ላይ በጥቁር ናስትሮ የተጠማዘዘ መስመር ይለጠፋል። ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ተሽከርካሪ መስመሩ ላይ ትቀመጣለች። ከሆዷ ሥር ያሉት ሁለት ሴንሰሮች በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ታች ይለቃሉ፤ ነጩ ካርቶን ብርሃኑን ይመልሰዋል፣ ጥቁሩ ናስትሮ ይውጠዋል። የግራው ሴንሰር ጥቁር ሲያይ የግራው ጎማ ይዘገያል፣ የቀኙ ሲያይ ደግሞ የቀኙ። ተሽከርካሪዋ እየተወላገደችም ቢሆን መስመሩን ይዛ ትሄዳለች። መስመር ተከታይ የሚባለው ሮቦት ይኸው ነው፤ ሮቦቲክስ የሚጀምር ታዳጊ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራውም እሱን ነው።

የዚህ ሮቦት አእምሮ በአብዛኛው አርዱዊኖ የተባለው ሰሌዳ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ኢቭሪያ በተባለች የጣሊያን ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ነገር ነው። ኡኖ የሚባለው ዓይነት 14 ዲጂታልና 6 አናሎግ መገናኛዎች አሉት። ጀማሪ ልጅ ሞተሩን በቀጥታ ከአንዱ መገናኛ ጋር ያያይዝና ለምን አልዞርም እንዳለ ግራ ይገባዋል። መገናኛው ያለ ሥጋት የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፤ ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል ለማብራት ይበቃል፣ ሞተር ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ስለዚህ በመካከል የሞተር ማሽከርከሪያ ሰሌዳ ይገባል፣ ሞተሩም ጉልበቱን ከባትሪ ይወስዳል። ክፍል ውስጥ የኦም ሕግን ለፈተና ሸምድዶ የረሳ ልጅ፣ ሞተሩ አልዞርም ሲለው ያን ጊዜ ሕጉን ከልቡ ይፈልገዋል።

ሰኔ ተጋምሶ ፈተና ሲያልቅ የአራዳ ወላጅ የሚጨነቀው ግን ስለ ሚሊአምፔር አይደለም። «ልጄን ክረምቱን የት ላስገባው?» ነው ጥያቄው። ምርጫው ከድሮው ሰፍቷል። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ለታዳጊዎች የክረምት ሥልጠና ያዘጋጃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፣ ክፍያም የለውም። ጸጥ ያለ ቦታ ለሚፈልግ ልጅ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ አለ። በ2015 የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየምም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከክፍያ ጋር የሚያስተምሩ የግል ማዕከላት ደግሞ በየሰፈሩ አሉ።

የምርጫው ችግር ግን ከማስታወቂያ ያገኘነው የሮቦት ምስል ነው። ሮቦት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ፊት ያለውን፣ ዓይኑን የሚያርገበግበውን ነው። ለዚህ ሶፊያ የተባለችውን ሰው መሰል ሮቦት መውቀስ ይቻላል። በ2010 ሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ስትመጣ ከአካሏ ክፍሎች አንዳንዶቹን የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶ ነበር፤ ወሬው ሁሉ ስለ ሻንጣው ሆነ። በሶፊያ ሶፍትዌር ላይ የሠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እዚሁ አዲስ አበባ፣ አይኮግ ላብስ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ቁጭ ብለው ኮድ ይጽፉ እንደነበር ግን ብዙ ሰው ልብ አላለም። ሥራው ያለው እዚያ ነው።

የዚሁ ኩባንያ ባልደረባ የነበረችው የኮድ ባለሙያ ቤተልሔም ደሴ ሐረር ነው ያደገችው። ገና በ9 ዓመቷ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቪዲዮ እያቀናበረችና ለደንበኞች ስልክ ሙዚቃ እየጫነች ገንዘብ ማግኘት እንደጀመረች በተደጋጋሚ ተናግራለች። ያስተማራት ሱቁ ነው። በኔ ግምት ዛሬም ፒያሳ አካባቢ ታማኝ የስልክ ጥገና ባለሙያ የሚያውቅ ወላጅ፣ ልጁ በሳምንት ሁለት ከሰዓት እዚያ ተቀምጦ እንዲያይና እንዲረዳ ቢያስፈቅድለት ከብዙ ውድ ካምፕ ይሻላል። ካቻቢቴ አያያዝ፣ የተቃጠለ ክፍል በመለኪያ ፈልጎ ማግኘት፣ የሌላ ሰው ንብረት ላይ ጥንቃቄ፤ እነዚህን በስላይድ ማስተማር አይቻልም።

ማዕከል ለመምረጥ የወሰነ ወላጅ ግን ከመክፈሉ በፊት ሥልጠናው ሲካሄድ ገብቶ ይይ። አንድ ሰሌዳ ለስንት ልጅ ነው? ለስድስት ከሆነ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ያያሉ። ሽቦውን የሚያያይዘው መምህሩ ነው ወይስ ልጁ? መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ? ሴት ልጅ ያለችው ወላጅ ደግሞ አንድ ነገር ይመልከት፦ ወንዶቹ ሞተር ሲገጥሙ ሴቶቹ ማስታወሻ እንዲጽፉ የሚደረግበት ቡድን አለ፤ ጽሑፋቸው ያምራል ተብሎ። እንዲህ ያለው ቦታ ቢቀር ይሻላል። ሰርተፍኬቱንም ብዙ አይቁጠሩት፤ ልጁ የሠራውን ፈታቶ መልሶ መግጠም ከቻለ ተምሯል፣ ካልቻለ ያው ወረቀት ነው።

ልጁ የ12 ወይም የ13 ዓመት ከሆነና ፍላጎቱ ገና ካልታወቀ ስክራች በተባለው የኮድ መማሪያ ይጀምር። ነፃ ነው፣ ኮዱ እንደ ጡብ እየተደራረበ ይሠራል፣ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥም አማርኛ አለ፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ ቲንከርካድ በተባለው ድረ ገጽ ላይ አርዱዊኖን በምስል ብቻ ገጣጥሞ መሞከር ይችላል፤ እዚያ የሚቃጠል ነገር ሁሉ ሥዕል ስለሆነ ማንም አይከስርም። ከሁለቱ ለዕድሜው የሚስማማውን አንድ ወር ሳይጎተጎት ከሠራ ያኔ ሰሌዳውን፣ ሴንሰሩንና ባትሪውን ይግዙለት። ከሰለቸው ደግሞ አያስገድዱት፤ ገንዘብዎ ኪስዎ ውስጥ ነው፣ ክረምቱም ገና አላለቀም።